ምሕረት ከፃግብጂ ስትወጣ

ዓይናዲስ ከኖርዌይ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ፃግብጂ የመጣችው ለአባቷ ተዝካር እንጂ ልትወልድ አልነበረም። ሆዷ ገፍቷል፤ ቢሆንም ወሯ ገና ነው። ተዝካሩን አውጥታ፣ እናቷን አጽናንታ፣ ቶሎ ወደ ባሏ ወደ ኪዳኑ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። ነገር ግን ሐምሌ ገባና፣ ዓመት ከዓመት ዝናብ ሲለመንበት የኖረው አገር በዚያ ክረምት ሰማዩ ተቀደደበት። ዘመድ አዝማዱ ተዝካሩን በልቶ በተበተነ ማግስት ዓይናዲስን ምጥ ያዛት።

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ከሰቆጣ አምቡላንስ ጠርታ፣ መንገድ ልታሳይ ወደ ወንዙ ወረደች። አምቡላንሱስ መጣ። ወንዙ ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ስለነበር ሾፌሩ ማዶ ቆሞ ቀረ። በቤቱ በር በኩል ወለል ብሎ ይታያል፤ እጁን ያወናጭፋል፤ የሚለው ግን አይሰማም።

«ተዪው፣ እሱን አትዪ። እኔን እዪኝ» አለቻት እናቷ ማንጠግቦሽ።

ማንጠግቦሽ የመንደሩን ግማሽ ልጅ የተቀበለች ሴት ናት። የልጇንም ልጅ የተቀበለችው እሷው ናት። ሕፃኗ ያለ ጊዜዋ የመጣች፣ ጭብጥ የማትሞላ፣ ድምፅ የሌላት ነበረች። አያትየው ጀርባዋን አሸች፣ አፏን ጠረገች፣ ፊቷ ላይ እፍ አለችባት። በመጨረሻ ቀጭን፣ የግልገል የመሰለ ድምፅ ወጣ። ማንጠግቦሽ ቀሚሷን ከፍታ ሕፃኗን ከደረቷ ለጠፈቻትና ጋቢ ደረበችባት። «ምሕረት ወረደልን» አለች። ስሟም በዚያው ምሕረት ሆነ።

ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ዓይናዲስ ጠንክራ እዚያ እስክትወጣ ድረስ የምሥራቹን ለኪዳኑ ያደረሰችው የጤና ሠራተኛዋ ነበረች። በኋላ ራሷ ደወለችለት።

«ማንን መሰለች?» አለ።

«ገና አልለየላትም። ግንባሯ ግን ያንተ ነው።»

ሳቀ። «ዓይናዬ፣ እንዴት ነው የምናስገባት?»

ሁለቱም ያልጠበቁት ጣጣ ይኸው ነበር። እዚያው በሚኖሩበት ከተማ በበርገን ብትወለድ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነው። ውጭ አገር የተወለደ ልጅ ግን፣ ወላጆቹ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖራቸውም፣ ፈቃድ ሳይሰጠው አይገባም። ኪዳኑ ደግሞ በዚያው አካባቢ ካለችው ከአምደወርቅ በልጅነቱ ወጥቶ፣ ሱዳን ከርሞ፣ ኖርዌይ የገባው በስደተኛነት ስለሆነ አገሩን ተመልሶ መርገጥ አይችልም። ዓይናዲስን ካርቱም አግኝቷት፣ እሱ ቀድሞ ገብቶ ነው ያስመጣት። አሁንም እሱ እዚያ፣ እነሱ እዚህ ሆኑ።

ማንጠግቦሽ ይህ ሁሉ ሲነገራት አዘነች። ሐዘኗ እውነት ነበር፤ ያም ሆኖ ሊከርሙላት ነውና በማግስቱ ጓዳ ውስጥ የደስታ ዜማ ስታንጎራጉር ተሰማች።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። ዓይናዲስ በልጅነቷ የተኛችበት መደብ ላይ፣ ልጇን በጎኗ አድርጋ ትተኛለች። ጠዋት ፍየሎቹ ከበረት ሲወጡ የሚያሰሙትን ሁካታ ሰምታ ትነቃለች፤ ዓይኗን ሳትገልጥም ለጥቂት ጊዜ የትም ያልሄደች፣ ካርቱምንም ባሕር ማዶንም ያላየች ይመስላታል። በርገን ዝናብ የማያባራበት ከተማ ነው። እዚያ ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው የሚያወራው ለማማረር ነው። እዚህ ግን ካፊያ በጣለ ቁጥር የሰው ሁሉ ፊት ሲፈካ ታያለች፤ እሷም እንደ ልጅነቷ ደጅ ወጥታ መዳፏን ትዘረጋለች።

ማንጠግቦሽ ሕፃኗን የምታነጋግራት በኽምጥኛ ነው። ዓይናዲስ ሰቆጣ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ አፏን የፈታችበትን ቋንቋ እያፈረችበት ትታው ነበር። አሁን እናቷ ለምሕረት ስታወራ፣ የረሳቻቸው ቃላት አንድ በአንድ ይመለሱላታል። አንዳንዱን ቃል ስትሰማ ትርጉሙ ሳይሆን ቦታው ነው ትዝ የሚላት፤ ምንጩ፣ የእህል ጎተራው ጥግ፣ የአባቷ ትከሻ።

መስከረም አልፎ ማሽላው እሸት ሲይዝ እናትና ልጅ ወደ ማሳው ወረዱ። መካከል ላይ አባቷ ወፍ ይጠብቅበት የነበረው ማማ ዘንበል ብሎ ቆሟል።

«ዘንድሮ የወጣበት ሰው የለም» አለች ማንጠግቦሽ።

ዓይናዲስ ምሕረትን ለእናቷ ሰጥታ ወጣችበት። በልጅነቷ ከአባቷ ጋር እዚያ ትውል ነበር። እሱ ወንጭፉን ያስጮሃል፤ እሷ ጠጠር ታቀብላለች። ወፍ ሲጠፋ ደግሞ ራቅ ያሉትን ተራሮች እያሳየ ስማቸውን ይነግራታል። «ከዚያኛው ወዲያ የእኛው ዝቋላ ነው፤ ከዚህኛው ወዲያ ተከዜ» ይላታል። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ስትጠይቀው «እኔ እንጃ፣ አንቺ አይተሽ ትነግሪኛለሽ» ነበር መልሱ። አይታ መጣች፤ የሚነገረው ግን የለም። ማማው ላይ ሆና አለቀሰች። እናቷ ከታች አይታ እንዳላየች ሕፃኗን እሹሩሩ እያለች ቆየች።

ምሕረት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ ጉንጯ ሞላ፤ ሰው መለየት ጀመረች። የልደት ማስረጃዋ በምስክር ወጣ፤ ማመልከቻዋም ገባ። በኅዳር መጨረሻ አዲስ አበባ ካለው የኖርዌይ ኤምባሲ መልእክት ደረሰ።

«ምን አሉ?» አለች ማንጠግቦሽ።

«የእኔና የኪዳኑ ልጅ መሆኗን በምርመራ ማረጋገጥ ይፈልጋሉ። ከጉንጯ ውስጥ በጥጥ ምራቅ ይወስዳሉ፤ ከእኔም። ኪዳኑም እዚያ ይሰጣል።»

ማንጠግቦሽ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። «የማን ልጅ ናት አሏት?»

«እማ፣ ሆስፒታል ስላልተወለደች ነው። እንደኛ ያለውን ሁሉ ይጠይቃሉ።»

«ሰው ጠፍቶ ነው? እኔ እያለሁ?»

«እነሱ በምን ያውቁሻል?»

«እንዲያውቁኝ እሄዳለኋ። ቀርቤ እናገራለሁ።»

«እማ፣ እነሱ እኮ አማርኛም አይሰሙ።»

«አስተርጓሚ አያጡም» አለችና ምስሯን ወደ መልቀም ተመለሰች። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ማንጠግቦሽ ከወልድያ አልፋ አታውቅም ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሎሚ እያሸተተች፣ ምሕረትን ለማንም ሳትሰጥ፣ አዲስ አበባ ደረሰች። በቀጠሮው ጠዋት ለክርስትናው የለበሰችውን ጥልፍ ቀሚስ ለበሰች። ኤምባሲው በር ላይ ጠና ያለ ጥበቃ ስማቸውን ተመለከተ።

«እናቴ፣ የእርስዎ ስም ከቀጠሮው ላይ የለም።»

«እኔ ምስክር ነኝ» አለች ማንጠግቦሽ።

«የምን ምስክር?»

«የልጅቱ። እኔ ነኝ የተቀበልኳት። የማን እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሰውየው እሷንም ሕፃኗንም አየ። «እኔስ አምንዎታለሁ። ላስገባዎት ግን አልችልም፤ ሥራዬ ነው።» ከጥበቃ ቤቱ ውስጥ የራሱን ወንበር አውጥቶ ከግንቡ ጥላ ሥር አኖረላት። «እዚህ አረፍ ይበሉ።»

ማንጠግቦሽ ሕፃኗን ለዓይናዲስ አቀበለች። «ሁሉንም እንደሆነው ንገሪያቸው። ወንዙንም ንገሪያቸው።»

ውስጥ አንዲት ወጣት ፈረንጅ ከአስተርጓሚ ጋር ተቀምጣለች። ስለ ጋብቻቸው፣ ስለ ካርቱም ጠየቀቻት። ቀጥላ ስትወልጂ ማን ነበር አብሮሽ አለቻት።

«እናቴ።»

«አሁን እናትሽ የት ናቸው?»

«በር ላይ። ልትመሰክር መጥታ አላስገቧትም።»

ሴትየዋ የእናቷን ሙሉ ስም ጠየቀች፤ ዓይናዲስ ፊደል በፊደል እየነገረቻት ጻፈችው። ከዚያ ጥጡ የምሕረትን ጉንጭ ነካ፤ ምሕረትም ልትጠባው ሞከረች።

ስትወጣ ማንጠግቦሽ ከወንበሩ አልተነቃነቀችም ነበር።

«ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ። ስምሽን ጽፈውታል።»

«ከነአባቴ?»

«ከነአያትሽ።»

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «እንግዲያስ ደግ ነው» አለችና ወንበሩን ራሷ አንሥታ ለጥበቃው መለሰች፤ መርቃውም ሄደች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዓይናዲስ ጉብታው ላይ ሳለች ኪዳኑ ደወለ። «ፈቀዱላት» አለ። ዓይናዲስ ከጉብታው እየሮጠች ወረደች። ግቢው ስትደርስ ግን እርምጃዋን ቀነሰች። ይህን ቀን ስትለምነው ከርማ፣ ሲመጣ ትንሽ በዘገየ ብላ ስትመኝ ራሷን አገኘችው። ማንጠግቦሽ ሲነገራት «ተመስገን» አለች። ወዲያው ፍየሎቹን ልይ ብላ ወደ በረት ገባች። በረቱ ውስጥ ፍየል አልነበረም፤ ሁሉም ግጦሽ ላይ ነበሩ። ዓይናዲስ ተከትላ አልገባችም።

ሰቆጣ መናኸሪያ ድረስ ምሕረትን ያዘለቻት ማንጠግቦሽ ናት። መንገድ ላይ ዓይናዲስ ልቀበልሽ ብትላት እምቢ አለች። አውቶቡሱ ሊወጣ ሲል አንቀልባውን ፈትታ ሕፃኗን አወረደች፣ ግንባሯን ሳመች፣ በኽምጥኛ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ነገረቻት። ዓይናዲስ እናቷ አንቀልባውን የምትሰጣት መስሏት እጇን ዘረጋች።

«ይህን እንኳ አልሰጥሽም» አለች ማንጠግቦሽ፤ ቆዳውን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። «ጠረኗ አለበት። እናንተ እዚያ ጋሪ አላችሁ።»

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ማንጠግቦሽ እጇን አላውለበለበችም። ብብቷን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ቆማ ነበር።

በርገን ሲደርሱ ዝናብ ይጥላል። ኪዳኑ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ትንሽ ቀይ ካፖርት ይዞ ይጠብቃል። ምሕረት ፊቱን ትክ ብላ አየችው፤ አላወቀችውም። ሊያቅፋት ሲል አገሩን በለቅሶ አናወጠችው። እጁን ሰበሰበ።

«ልክ ናት። ማን መሆኔን በምን ታውቃለች?» አለ ለመሳቅ እየሞከረ።

«ቀስ ብላ ትለምድሃለች» አለችው ዓይናዲስ።

ቤት ገብተው፣ ዓይናዲስ ድካም ጥሏት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ምሕረት ከጎኗ የለችም። ደንግጣ ቀና ስትል ኪዳኑን በመስኮቱ አጠገብ አየችው። ልጅቱ ትከሻው ላይ ራሷን ጥላለች፤ አንድ እጇ የሸሚዙን ኮሌታ ጨብጧል። እሱ በዝግታ ያወራላታል። ስለ አምደወርቅ ነበር። ገበያው የሚውልበትን ሜዳ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ገደል፣ እናቱ ከደጅ ቆማ ስትጣራ ድምፅዋ እስከ የት ይደርስ እንደነበር ይነግራታል። ዓይናዲስ አብራው በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን አንድም ቀን ሲያወራ አልሰማችም።

«አንቺማ እዚያው አገራችን ነሽ የተወለድሽው» አላት ለልጁ። «እኔ እንኳ የናፈቀኝን አየር ጠግበሽ መጣሽ።»

ዓይናዲስ እንዳልነቃች ሆና ዓይኗን ከደነች። እስኪጨርስ ልትሰማው ፈልጋ ነበር። እሱ ግን ቶሎ አልጨረሰም።