የኤቢሳ ቀይ፣ የሌንጂሳ ሰማያዊ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ያለው ሰው አምቦ መጥቶ የጊፍቲን መንታዎች አላየም። ኤቢሳና ሌንጂሳ ቁርጥ አንድ ናቸው። ጆሯቸው አንድ፣ ቅንድባቸው አንድ፣ ሲያዛጉ እንኳ አፋቸውን የሚያጣምሙት ወደ አንድ በኩል ነው። አባታቸው ሞቲ ጉደር ካምፓስ ውሎ ሲመለስ ሁለቱንም «ጎበዜ!» እያለ ነው የሚያነሳቸው። ስም ከጠራ እንደሚሳሳት ስለሚያውቅ ነው እንጂ ልጆቹ ሁልጊዜ ጎበዝ ሆነውለት አይደለም።

ጊፍቲ ግን እናት ናትና እንዲህ ያለ ማምለጫ የላትም። ገና አራስ ሳለች አንዱን ደግማ አጥብታ ሌላውን በረሃብ አስለቀሰችው። ይህን የሰማች ልብስ ሰፊ ጎረቤቷ እታገኝ፣ ለቱታ ሱሪ ወገብ ከምታስገባው ለስላሳ ገመድ ቀጭን ቀጭኑን መርጣ፣ ቀይና ሰማያዊ ቆርጣ ሰጠቻት። ጊፍቲም ስልኳን ግድግዳ አስደግፋ፣ ቪዲዮ እያየች፣ ለልጆቿ አምባር መሥራት ያዘች።

ጉንጉኑ አላስቸገራትም፤ ፀጉር የጎነጎነ እጅ ገመድ አያቅተውም። ያስቸገራት ቋጠሮው ነው። የመጀመሪያው ሸምቀቆ ሆኖ አረፈው፤ በጣቷ ብትሞክረው አንቆ አጠቆራት። እሱን ለልጅ ማን ያስራል? ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር ቪዲዮው ላይ ያለችውን ፈረንጅ እየረገመች፣ የቋጠረችውን እየፈታች፣ በመጨረሻ አንዱ ጫፍ ሌላውን አቅፎ የሚይዝ ቋጠሮ ወጣላት። ሆን ብለው ሲያንሸራትቱት ይሰፋል ይጠባል፤ ልጅ ቢጎትተው ግን ንቅንቅ አይልም። ቀዩን ለኤቢሳ፣ ሰማያዊውን ለሌንጂሳ አሰረች። ክንዳቸው ወፈር ባለ ቁጥር ሰፋ ታደርግላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ማንም ተሳስቶ አያውቅም፤ ሞቲ እንኳ እጃቸውን ሰረቅ አድርጎ አይቶ ስም መጥራት ጀመረ።

ልጆቹ መዳህ ሲጀምሩ የሞቲ እናት እማማ ጣቢታ ከጌዶ መጡ። እማማ ጣቢታ የቤተ ክርስቲያናቸው ጸሎት መሪ ናቸው፤ ሲጸልዩ ጎረቤት አይተኛም። የጊፍቲን የቀላ ዓይን ገና ሲያዩ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሂጂ ተኚ፤ ልጆቹን እኔ አጥባቸዋለሁ» አሏት። ጊፍቲ እንቅልፍ ከናፈቃት ቆይቷል። ሁለተኛ እስኪነግሯት አልጠበቀችም፤ ሄዳ አልጋዋ ላይ ዘፍ አለች።

ስትነቃ ልጆቹ ታጥበው፣ ቅባት ተቀብተው፣ ምንጣፍ ላይ ያበራሉ። እጃቸው ግን ባዶ ነው።

«እማማ፣ አምባራቸውስ?»

«ቆረጥኩት!» አሉ እማማ ጣቢታ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ጌታ በሰጠን ልጅ ላይ ክታብ? ያቺ ማተብ የምታስረው ጎረቤትሽ ናት አይደል ያመጣችው? ሽንት ቤት ከትቼ ጸለይኩበት።»

«እማማ፣ ክታብ አይደለም እኮ! በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። መለያቸው ነው!»

«የምን መለያ?»

«ማን ማን እንደሆነ!»

እማማ ጣቢታ አንዱን አዩ፤ ሌላውን አዩ፤ እንደገና የመጀመሪያውን አዩ። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» አሉና ቁጭ አሉ።

የስሙስ ነገር ባልከፋ። ሌንጂሳ ጆሮውን ታሞ ሽሮፕ ጀምሯል። ትኩሳቱ ለቆት እንደ ወንድሙ ይቦርቃል፤ ነርሷ ግን «ተሻለው ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ ጤነኛውንም እንዳታጠጪ» ብላ አጥብቃ ነግራታለች። አሁን የማታው መድኃኒት ሰዓት ደርሷል። ሞቲም ከሥራ ገብቷል።

«ይሄኛው ይመስለኛል» አለ ሞቲ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ካልሆነ ያኛው» አለ።

«ጠዋት ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸውና ጆሯቸውን ይዩልን» አሉ እማማ ጣቢታ፣ ድምፃቸው አንሶ።

«ሄጄ ምን ልበላቸው?» አለች ጊፍቲ። «ልጄን አላውቀውም ልበል?»

ይህን ስትል እንባዋ መጣ። የፈራችው ሽሮፑን ብቻ አልነበረም። አምባሩን ካሰረች ወዲህ እጃቸውን እንጂ ፊታቸውን አይታ እንደማታውቅ ገባት። ገመዱ እያወቀላት እሷ ማወቅ ትታለች። ዘጠኝ ወር የተሸከመቻቸውን ልጆች በሁለት ቁራጭ ገመድ መለየቷ አሳፈራት።

እንባዋን ጠርጋ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኛች፤ ፊቷን ከፊታቸው አስተካከለች። ሞቲ ሊናገር ሲል እናቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። አንደኛው ልጅ እየዳኸ መጥቶ ፀጉሯን ጨበጠና እየሳቀ ጎተተ። ሌላኛው መጣ፣ ጉንጯን ነካ፣ ከዚያ ቆም ብሎ ትክ ብሎ አያት።

ይህን አስተያየት ታውቀዋለች። ሕመሙ በጠናበት ሰሞን ደረቷ ላይ አስተኝታ ስታንጎራጉርለት፣ ለቅሶውን ገታ አድርጎ እንዲህ ነበር የሚያያት።

«ሌንጂሳ ይሄ ነው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ሞቲ።

«እናቱ ነኝ።»

ሽሮፑን በማንኪያ ቀዳች። ፀጉር ጎታቹ ማንኪያውን እንደ መጫወቻ ሊቀማት እጁን ሰነዘረ። ሌንጂሳ ግን ማንኪያው ገና አጠገቡ ሳይደርስ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ጣዕሙን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሞቲ በሳቅ ፈነዳ፤ እማማ ጣቢታ «ጌታ ይባረክ!» ብለው አጨበጨቡ። ጊፍቲ ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ የአሁኑ ለቅሶ ግን ደስ ይላል።

በማግስቱ እማማ ጣቢታ ከእታገኝ ራሳቸው ሄደው ገመድ ለምነው መጡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። በይ አስተምሪኝ» አሏት ጊፍቲን። እማማ ጣቢታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጎነጎኑ። የሠሩት ጠማማ ሆነ፤ ፈቱት፤ እንደገና ጎነጎኑ። ሁለቱም አምባሮች ሲያልቁ፣ ምንም ክፉ ነገር ልጆቹን እንዳይጠጋ አምባሮቹን መዳፋቸው ላይ አድርገው ጮክ ብለው ጸለዩባቸው።

«እማማ፣ ገና አሁን ክታብ አደረጉት!» አለች እታገኝ ከአጥር ወዲያ። እማማ ጣቢታ ሊቆጡ ከጀሉና ሳቁ አመለጣቸው።

ጊፍቲ ፊቷን ወደ ማስጫው ገመድ አዙራ የልጆቹን ልብስ እያሰጣች ነበር። እማማ ጣቢታ አንደኛውን ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሰማያዊውን አሰሩለት። ልጁ ተኮርኩሮ ሳቀ።

«እማማ፣ እሱ ኤቢሳ ነው» አለች ጊፍቲ ዞር ሳትል። «የሱ ቀዩ ነው።»

«ምኑን አይተሽ?»

«ሲስቅ ሰማሁት።»



«እንግዲያ ይሄ ነገር የሚያስፈልገው ለእኔ ነው» አሉና ቋጠሮውን አንሸራትተው አወለቁት፤ ሌንጂሳን ፍለጋም ተነሡ።