ድምፅ የማይቀይር አምፕሊፋየር

ጋሽ ገሠሠ አምፕሊፋየር ሊመርጡ ሱቄ ሲመጡ ይኼ አራተኛ ጊዜያቸው ነበር። ከቴፒ ሚዛን ተፈሪ ድረስ በሚኒባስ ይመጡና ገና ሳይቀመጡ ጥያቄ ይጀምራሉ። እኔ አሕመዲን ሃያ ዓመት ቴፕና ሬዲዮ ስጠግን እንደሳቸው ያለ ነዝናዛ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ግን ወደድኳቸው። ሌላው ሰው የሚጠይቀኝ «ይጮሃል ወይ?» ብሎ ነው። እሳቸው ግን «ድምፅ አይቀይርም ወይ?» ይላሉ።

ምክንያት አላቸው። ባለቤታቸው እትዬ የዓለምዘርፍ ያረፉት ልጃቸውን ሳባን በወለዱ በሦስተኛ ወራቸው ነው። ከሴትዮዋ የቀረው አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ በእህታቸው ሰርግ ላይ ሲዘፍኑ የተቀዳ። ቤት የነበረው ቴፕ የተበላሸው ሳባ ገና አፏን ሳትፈታ ስለሆነ የእናቷን ድምፅ አታውቀውም። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ልታገባ ነው።

«ከቤቴ ሳትወጣ እናቷን ላሰማት» አሉኝ።

ሦስት ዓይነት አቀረብኩላቸው። አንዱ ባለ ቫልቭ ነው፤ እንደ አምፖል የሚበሩ ቱቦዎች አሉት፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ግን ከራሱ ትንሽ ይጨምራል። ሁለተኛው ባለ ትራንዚስተር፣ ብቻዬን የማላነሳው ብረት፣ እሳት ሆኖ ይግላል እንጂ የተሰጠውን እንዳለ ያወጣል። አዲሱን ክላስ ዲ ይሉታል። ድምፁን ቶሎ ቶሎ ቆራርጦ መልሶ ይገጥመዋል። ቀላል ነው፣ አይግልም፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል።

«ቆራርጦ?» አሉ ደንግጠው።

«ጆሮ አይለየውም እኮ፣ ጋሽ ገሠሠ!»

«የኔ ይለየዋል። የሷ ድምፅ ቀጭን ነው። ያኛው ያወፍርብኛል፣ ይኼ ደግሞ ይቆርጥብኛል።»

ትራንዚስተሩን መረጡ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ በራሴ ሲዲዎች ሳወዳድር ካሴቱን አንድ ቀን እንኳ አምጡት አላልኩም። እሳቸውም መንገድ ላይ እንዳይጎዳ ይሳሱለት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከሳባ ጋር ይዘውት መጡ። ፌስታሉን ስፈታው ጭስ ጭስ ሸተተኝ።

«የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ከምድጃ በላይ ነዋ! ከዘር በቆሎው ጋር ሰቅዬው» አሉ ኮራ ብለው። «እዚያ ነቀዝ አይደርስ፣ ሻጋታ አይደርስ። በዚህ ዝናብ ሌላ የት ይቀመጣል?»

በኛ በኩል ለዘር የሚሆን በቆሎ እንዲህ ነው የሚጠበቀው። በሙቀት የካሴቱ ሽፋን ጎብጧል፤ ሪባኑ ተጨማዶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሰውዬውን ልቆጣቸው አስቤ አንጀቴን በሉት። ሪባኑን ጠርጌ፣ ወደ ሌላ ሽፋን አዛውሬ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገልኩ።

ከዚያ ቴፕ ውስጥ ከትቼ በትራንዚስተሩ ከፈትኩት። ጎታታ ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ ያቃስታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ያቃስታል። ወደ ቫልቩ ቀየርኩ። ወደ ክላስ ዲውም ቀየርኩ። ያው ነው። አምፕሊፋየር የተሰጠውን ነው የሚያወጣው፤ የጠፋውን ከየት ያመጣል? ወደ ትራንዚስተሩ ስመልሰው ጉዳቱን ጥርት አድርጎ አሰማን። ያን ሁሉ ቴክኖሎጂ እየደረደርኩ መፎከሬ አሳፈረኝ።

ጋሽ ገሠሠ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ሳባ ያዘችኝ። ወደ ስፒከሩ ተጠግታ ታዳምጣለች፣ እንባዋ ይወርዳል።

«አባዬ፣ እማዬ ድምጿ እንዲህ ወፍራም ነበር እንዴ?»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። 

«አዎ ልጄ» አሉ አባቷ። «እንዲህ ነበር።»

ሳባ ስልኳን አወጣችና ቀዳችው።