በማይክራፎን የተጸለየላት ሴት

እሷ አይደለችም፣ እሷ ብትሆን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ እማ ትል ነበር፣ ይሄ ግን አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣት ጫፍ፣ ከዚያ ዝም፣ ግን ማን ያውቃል፣ ሰው ከስንት ዓመት በኋላ የእናቱን በር ሲያንኳኳ እንደ ድሮው ነው እንዴ የሚያንኳኳው፣ እጁ አይፈራም እንዴ፣ እግሯ ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ተነሥቶ አየር ላይ ቀርቷል፣ መርፌው ጨርቁን እንደወጋ ቆሟል፣ ልቧ ከመኪናው ብሶ ይመታል፣ በይ እንጂ፣ አንዴ እማ በይና ወንበሩን ገልብጬ ነው የምነሣው፣ በይ።

ከበሩ ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ወንድ ነው። ፓስተሩ። ወይ የኔ ነገር።

እግሯን ቀስ አድርጋ ወለሉ ላይ ታሳርፋለች፣ ልብስ ሰፊ ሆና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከሚንጣጣ ብረት ጋር ኖራ፣ ዛሬ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ትንፋሿን ትውጣለች፣ የት አባቱ፣ ይቁም፣ እማማ አሉ እንዴ ይላል፣ እማማ ሲል ደግሞ አያፍርም፣ የራሱን ጢም ሽበት ጣል ጣል እያደረገበት፣ እማማ፣ እኛ ነን። እኛ ማለት እነማን ናችሁ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት፣ መዘምራኑንም ይዘሃቸው መጣህ፣ ማይኩንስ የት ጣልከው። የላስቲክ ነጠላ ጫማ መሬቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማታል፣ እሱን አትስተውም፣ ሬዲዮ ናት፣ አንድ ፎቅ ከታች የምትኖረው፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት ፀጉር ቤት ያላት፣ ስሟን ሰው ሁሉ ረስቶታል፣ ጠዋት የሰማችውን እስከ ምሳ ሰዓት ጣሪያ ስለምታደርስ ሬዲዮ ነው የምትባለው፣ እሷም ስትጠራ አቤት ትላለች። በቃ፣ ፓስተሩና ሬዲዮ፣ አንዱ በማይክ አንዷ ያለ ማይክ፣ ምን ቀረኝ።

ምን ቀረኝ፣ ያ እሑድ መቼ አስቀርቶልኝ።

አዳራሹ ሞልቷል፣ መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ደረቴን ነፍቼ የተቀመጥኩት እኔ፣ ፓስተሩ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ድምፁ ተለውጧል፣ ጌታ ሆይ በዚህች ታላቅ ከተማ ደጃፍ ለደጃፍ ሆነው ሰው የሚርባቸውን አስብ፣ አሜን ትላለች፣ ልማድ ነው፣ በመካከላችን ያለችውን እናታችንን አስብ፣ አሜን፣ እጆቿ የሁላችንን ልብስ የሚጠግኑትን፣ አሜን፣ በዚህችው ከተማ እየኖረች ስንት ዓመት ዓይኗን ያላሳየቻትን ልጇን መልስላት፣ አሜን። ከሁሉ በላይ የጮኸው የእሷ አሜን ነበር። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት፣ ቀስ ብላ ዞር ስትል ሴቶቹ በሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ግጥም አድርገው ጨፍነዋል፣ ሰው ሲጸልይ እንደዚያ አይጨፍንም፣ ሰው እንደዚያ የሚጨፍነው ያየውን እንዳላየ ሲሆን ነው። መሬት ተከፍታ አልዋጠቻትም። እስከ መጨረሻው መዝሙር ተቀምጣለች፣ አጨብጭባለችም፣ ከዚያ ቤቷ ገብታ ቀረች።

ውጭ አገር ናት ብላ ነበራ። ለሁሉም። ልጄ ውጭ አገር ጥሩ ሥራ አላት፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ ዕቃ ትልካለች፣ ያን ሐምራዊ ስካርፍ አንገቷ ላይ ጠምጥማ የላከችልኝ ነው ብላ ደረጃውን ስንቴ ወጥታ ወርዳለች፣ ሬዲዮ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ አይ የውጭ ነገር ብላ ራሷን ነቅንቃለች። ስካርፉን የገዛችው ራሷ ናት፣ ታች አስፋልቱ ዳር ካለው ልብስ ቤት፣ ተከራክራ። ልጇ ያለችው በሁለት አውቶቡስ የሚደረስበት ሰፈር ነው። ያን ሰውዬ ካገባሽ ደጄን እንዳትረግጪ ያለቻትም ራሷ ናት፣ ተቆጥታ፣ የተቆጣች እናት የምትለውን ነው ያለችው፣ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን በሳምንቱ መጥቶ እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር፣ የእሷ ግን ከትንሽነቷ ታዛዥ ናት፣ ተቀመጪ ሲሏት የምትቀመጥ፣ ዝም በይ ሲሏት ዝም የምትል፣ ይሄንንም ታዘዘች። ስልክ ብትደውልላት አታነሣም። ደጇንም አልረገጠችም።

ለፓስተሩስ ምን ቆርጦሽ ተናገርሽ፣ አንቺ ሞኝ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ነው የመጣው፣ ሱሪውን አሳጥረሽ አትሸኚውም ነበር። ዝም ብሎ ተቀመጠልኝ እኮ፣ ሰው እንደዚያ ዝም ብሎ ተቀምጦልኝ አያውቅም፣ ክር እየበጠስኩ ሳለ ወጣብኝ፣ ሁሉም ወጣብኝ፣ እሱም አይዞዎት አለኝ፣ እጸልይልዎታለሁ አለኝ፣ መቼ በማይክ አለኝ።

ደግሞ ሰውዬውን መጥላት አቃታት፣ ያ ነው የሚያናድዳት፣ እንደ ልቧ ብትጠላው እንኳ ይቀላት ነበር፣ ግን መጀመሪያ ወደዚህ ሕንፃ የመጣው መጥረጊያ ይዞ ነው። ምድር ቤቱ ያን ጊዜ በሩ ግማሹ የወደቀ ባዶ ሱቅ ነበር፣ ቆሻሻው እስከ ጉልበት፣ ሽታው እስከ አምስተኛ ፎቅ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ብቻውን ሲጠርግ አይታ የማዘጋጃ ቤት ሰው መስሏት ከፎቅ ሆና ጥጉን ረስተኸዋል ብላዋለች፣ አመሰግናለሁ ብሎ ጥጉን ጠረገ። ቀለም ቀባ፣ ወንበር አስገባ፣ ደረጃው ላይ አምፖል ሰቀለ፣ ከዚያ በየፎቁ እያንኳኳ ከተማ የሚታደሰው ሰው ለጎረቤቱ በር ሲከፍት ነው ይል ጀመር፣ ድንቄም አለች ያኔ፣ ሳቀች፣ ግን ሰው ሰውን ማወቅ ጀመረ፣ ሲታመም መጠየቅ ጀመረ። ከዚያ በፊት ምን ነበረች፣ አንድ ክረምት በሳንባ ምች ስትማቅቅ በሩን ያንኳኳው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሱሪው የዘገየበት ደንበኛ ነው፣ መቼ ይደርሳል አለ እንጂ ምን ሆነሽ አላለም። ሰፍታ ሰጠችው ደግሞ፣ በትኩሳቷ። አሁን ስታስበው ያለቀሰችው ያን ጊዜ ሳይሆን ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ገፍታ ገብታ ምን በላሽ ያለቻት ቀን ነው።

በሩን ገፍታ። ሬዲዮ አንኳኩታ አታውቅም፣ እንደ ንፋስ ነው የምትገባው፣ ስንቴ ተቆጥታታለች፣ ሴትዮ አንኳኪ እንጂ፣ ልብስ እየቀየርኩ ቢሆንስ፣ ምን አለሽ የማይታይ ትላለች እሷም።

እና በሩ። በሩ አልተቆለፈም። ዓይኗን ታዞራለች፣ መወርወሪያው ወደ ኋላ እንደተሳበ ነው፣ ረስታዋለች፣ አንድ ሰው እጀታውን ቢነካው እኮ ገበናዬ ወጣ፣ ተነሥታ ልትቀረቅረው ብትል ወለሉ ይንቋቋል፣ ብትቀመጥ ይገቡባታል፣ ግን አይገቡም። ለምን አይገቡም። ሬዲዮ ምን ነካት።

እማማ፣ እንግዲህ ቤት ከሌሉ ለበሩ ልንገረው ይላል ፓስተሩ፣ ድምፁ የመድረኩ ድምፅ አይደለም፣ ያ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሰውዬ ድምፅ ነው፣ አጠፋሁ፣ ለእግዚአብሔር የነገርኩ መስሎኝ ለሰው ነገርኩ። ለእግዚአብሔር ማይክ ምን ያደርግለታል፣ አንተ ሰው፣ ጆሮው ከብዶታል እንዴ፣ ልትለው ይዳዳታል፣ ከንፈሯን ትነክሳለች። ባለፈው መጣሁ፣ ዛሬም መጣሁ፣ ከእንግዲህ በርዎ ላይ እየቆምኩ አላሳቅቅዎትም፣ አዳራሹ ክፍት ነው፣ ሲፈልጉ ይምጡ።

ከእንግዲህ አለ። ሰማሽ፣ ከእንግዲህ አይመጣም፣ እሱ ካልመጣ ሌላውም አይመጣም፣ ያቺ ሴትዮ ሰው አትፈልግም ይባላል፣ ከዚያ ተመልሰሽ ያቺው ነሽ፣ ሱሪው የዘገየበት ደንበኛ ብቻ የሚያንኳኳልሽ፣ ከመኪናሽ ጋር የምታወሪ፣ ተነሺ፣ ክፈቺ፣ በምን ዓይኔ ልያቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ስካርፉስ፣ ስካርፉን ምን ልበላቸው፣ እየሳቁብኝ ይሆናል፣ ባይስቁም ያዝኑልኛል፣ ማዘኑ ይብሳል።

የሉም መሰለኝ ይላል ፓስተሩ፣ ጮክ ብሎ። የሉም ትላለች ሬዲዮ፣ ጮክ ብላ።

የሉም። ሬዲዮ ያለውን ነገር የለም ስትል በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ይሄኔ ነው የሚበራላት፣ መኪናው፣ ሲንኳኳ እኮ መኪናው በሙሉ ጉልበቱ እየሮጠ ነበር፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ የሚስቅበት ጩኸት፣ ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ እየሰሙት ነው የመጡት፣ ሲያንኳኩ ደግሞ ቀጥ አለ። ያውቃሉ። ገና ከመጀመሪያው ያውቃሉ፣ እያወቁ የሉም ይላሉ፣ እኔን ላለማሳፈር፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ውሸት ይዘን በበር ተከፍለን ቆመናል። ኩም ትላለች። ዓይኗ መርፌው ሥር ያለው ጨርቅ ላይ ይወድቃል፣ ሰማያዊ ከፋይ ነው፣ ፓስተሩ የሚሰብክበት አትሮኖስ ልብስ፣ ከዚያ እሑድ በፊት የጀመረችው፣ ዳግመኛ አልነካውም ብላ ጥግ የወረወረችው፣ ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ይውጣልኝ ብቻ ብላ ያነሣችው። ይውጣልኝ ብላ ነው እንግዲህ ዳርና ዳሩን በወርቃማ ክር የምታስጌጠው። ውሸታም። ልብስ እንኳ ሲሰፉ መዋሸት።

ጫማ ይወርዳል፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ፣ የፓስተሩ ነው። ነጠላ ጫማው ግን አልተነቃነቀም።

ሄዷል ትላለች ሬዲዮ በሹክሹክታ፣ የሬዲዮ ሹክሹክታ የሌላ ሰው ጩኸት ነው፣ ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ የለሽም አይደል፣ እሺ የለሽም፣ እኔም የማወራው ከሌለ ሰው ጋር ነው። ያን ስካርፍ ስትገዢ እዚያው ነበርኩ። መለኪያው ክፍል፣ መጋረጃው ጀርባ፣ ቀይ ቀሚስ ልለካ ገብቼ አንገቴ ላይ ተቀርቅሮ አልወርድም አልወጣም ብሎኝ፣ እጆቼ እንደተሰቀሉ ድምፅሽን ሰማሁ፣ ዋጋ ስትከራከሪ፣ ከዚያ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልልልኝ፣ ከሩቅ የመጣ እንዲመስል ስትዪው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ አንጀቴን በላሽው፣ ቀሚሱ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ በናትሽ፣ ባለ ሱቁ ለቀሚሱ መስሎት አይዞሽ ሰፋ ያለ አለን አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ። ስንቴ አፌ ድረስ መጥቶ ውጬዋለሁ፣ ባሌ ራሱ አያውቅም፣ አይ የውጭ ነገር ያልኩሽ አውቄ ነው።

ሬዲዮ ዝም ስትል የሕንፃው ቧንቧ ውኃ ሲወርድ ይሰማል።

ልጅሽን እንኳ ላመጣልሽ አልችልም፣ እኔ ግን አለሁ፣ አንድ ፎቅ ከታች ነኝ። ደግሞ ዛሬ አንኳኩቻለሁ፣ በሰው በር ላይ አንኳኩቼ አላውቅም፣ እጄን እንዴት እንደማደርገው ቸግሮኝ ነበር፣ ጥሩ አደረግኩት? እሺ፣ በቃ፣ ደህና ሁኚ።

ያ እሷ ነበረች፣ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣት ጫፍ፣ ልጇ መስሏት ልቧ የዘለለላት ሬዲዮ ነበረች፣ ልጇ አይደለችም፣ ልጇ አትመጣም፣ ዛሬም አትመጣም፣ ይሄው ዕንባው፣ ከፋዩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ራሷን ቀና ታደርጋለች፣ ነጠላ ጫማው ይወርዳል፣ ጣጥ፣ ጣጥ፣ ጣጥ፣ ቆይ፣ ቆይ እንጂ ትላለች፣ አይወጣም፣ ከዚያ እሑድ ወዲህ ከሰው ጋር አላወራችም፣ ጉሮሮዋ እንደ ዛገ ቁልፍ ሆኗል፣ ቆይ፣ ትንፋሽ ብቻ፣ ጣጥ፣ ጣጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ እየደረሰች ነው፣ አምላኬ፣ ዛሬስ ያለ ማይክ አሰማኝ፣ እና እግሯ፣ ጉሮሮዋ እንቢ ሲል እግሯ፣ መርገጫውን ይረግጠዋል፣ መኪናው ይነሣል፣ ይንጣጣል፣ ግድግዳውን በሩን ደረጃውን ይዞ ይንቀጠቀጣል፣ ስፌቱ ይጣመም፣ የት አባቱ፣ ተፈትቶ ይሰፋል፣ አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ፣ ረግጣ ረግጣ እግሯን ታነሣለች።

ታዳምጣለች።

ነጠላ ጫማው ቆሟል። ከዚያ ይመለሳል፣ ወደ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ እያለከለከ፣ በሩ ጋ ይደርሳል፣ ይቆማል። እጀታው አይነቃነቅም። አንዲት ጣት፣ አንዴ ብቻ፣ እንጨቱን መታ ታደርጋለች።

ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ድምፅ እንዳለው ትሞክረዋለች፣ አለው።

ግቢ እንጂ፣ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማንኳኳት የጀመርሽው።