ሰኔ አሥር የሚል ቀን

ያን ክረምት በወደብ ከተማችን በጉንሳን ውስጥ ከእኔ የበለጠ የተዋከበ ሰው ካለ ይቅረብና እንከራከር። በሰኔ ብቻ ሦስት ቦታ ንባብ ነበረኝ። የዓሣ ገበያ ሴቶችን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ አወጣን። ጆንጁ ከተማ ላይ በተደረገ የመጽሐፍ ገበያ ዝናቡ ድንኳናችንን ይዞት ሊሄድ ሲል ምሰሶውን ታቅፌ ግጥም አነበብኩ። ሰው አጨበጨበልኝ፤ ለግጥሙ ይሁን ለምሰሶው እስካሁን አላጣራሁም።

ይህን ሁሉ የምሠራው ከእትዬ ሚራን ጋር ነው። ጉክ ሚራን የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ መጽሐፍ መደብር ጓዳ ውስጥ ማባዣ ማሽን ተክለን «ጨው መጋዘን» የተባለ ትንሽ ማተሚያ ከፈትን። እሷ አስተማሪ ስለሆነች የንግድ ፈቃድ በስሟ ማውጣት አትችልም፤ ስለዚህ ፈቃዱ በእኔ ስም ወጣ። በምናትመው ሁሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ «አሳታሚ፦ ታክ ዮንግሺል» ይላል። ስሜን ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሞኝ!

እኛ አገር አንድ ሰው ሃያ መጽሐፍ ቢጽፍ እንኳ በውድድር አልፎ ካልተመረጠ ማንም ደራሲ ብሎ አይጠራውም። ለውድድር የሚላከው ጽሑፍ ደግሞ ከዚያ በፊት የትም ያልታተመ መሆን አለበት። በሠላሳ ቅጂ ተባዝቶ በስፌት ሽቦ ቢያያዝም ታትሟል፤ እንዳደረ ዓሣ ማንም አይነካውም። እኔ አሥር ጊዜ ተወዳድሬ አሥር ጊዜ ወድቄያለሁ። አሥራ አንደኛውን የጻፍኩት በበረዶ ፋብሪካ ስለሚሠራ አባት ነበር። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አላሳየሁም።

ሐምሌ ሦስት የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት የታሪኩ መጨረሻ አላስተኛ ብሎኝ የመጨረሻውን አንቀጽ ቀየርኩት። አባትየው በፊት ይሞት ነበር፤ አሁን በፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ጫማዬን አምጡልኝ ይላል። ፖስታውን ለሚራን ሰጠኋት፤ ትምህርት ቤቷ ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ነው።

«ለእኔም በስልክ ላኪልኝ፤ ደግሜ ላንብበው» አለችኝ። ላክሁላት።

በነሐሴ አጋማሽ ስልኬ ጮኸ። «ደራሲ ታክ ዮንግሺል ነዎት?» አለ ሰውየው። የመጽሔቱ አዘጋጅ አቶ ኡም ነበር። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ደራሲ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አሸንፈዋል አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ሮጬ የሄድኩት ወደ ሚራን ነው። አቅፋኝ አለቀሰች። ሐብሐብ ገዝታ በማሽኑ ክዳን ላይ ቆርሰን በላን።

በዘጠነኛው ቀን ሰውየው እንደገና ደወለ። «ወይዘሮ ታክ» አለኝ። ደራሲነቴ በዘጠኝ ቀን አለቀ ማለት ነው።

«የእርስዎ ታሪክ የታተመበት አንድ መጽሐፍ በፖስታ ደርሶናል። ጨው መጋዘን፣ ሰኔ አሥር ይላል። አሳታሚዋም እርስዎ ነዎት።»

«እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም!»

«እጄ ላይ ነው፣ እመቤቴ።» ከዚያም የመጨረሻውን አንቀጽ አነበበልኝ። በሩ፣ ጫማው፣ ሁሉም አለ።

ሐምሌ ሦስት የተጻፈ አንቀጽ ሰኔ አሥር እንዴት ይታተማል? ይህንኑ ነገርኩት። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «ያለ እርስዎ ዕውቀት ኋላ የታተመ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለኝ። «ግን የእርስዎ ቃል ብቻ አይበቃም። ያተመው ሰው ራሱ ቀኑ ስህተት ነው ይበለን። ዳኞቹ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ።»

ያተመው ሰው! ያንን ማሽን የምናንቀሳቅሰው ሁለት ነን።

ሚራን ጓዳው ውስጥ ተቀምጣ ወረቀት ታጥፋለች። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ሙሉ ቀን እዚያው ናት።

«እትዬ፣ የእኔን ታሪክ መቼ አተምሽው?»

«የቱን?»

«ጨዋታ አትጀምሪብኝ። ሐምሌ የጻፍኩትን ሰኔ ላይ አትመሻል። ማሽኑ ትንቢት ጀመረ?»

እጇ ቆመ። «ባለፈው ሐሙስ» አለች። «ሠላሳ ቅጂ። የላክሁት አንዱን ብቻ ነው።»

«ምን በደልኩሽ?»

«ምንም። ትሄጃለሽ፣ በቃ። የሶል ትልልቅ አሳታሚዎች ይወስዱሻል፤ በዓመት አንዴ የሰላምታ ካርድ ትልኪልኛለሽ። እኔ ከዚህ ብረት ጋር አረጃለሁ።» ከዚያ ተንሰቀሰቀች። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸው ነው። ይባስ ብሎ አሳዘነችኝ። ጀርባዋን እያሻሸሁ የማባብላት እኔ ሆንኩ።

«ስሚኝ፣ እትዬ። ደውዪና ቀኑን ተሳስቼ ነው በዪ። ሌላ ምንም አትበዪ። ለማንም አልናገርም፤ እስክሞት አላነሳብሽም። የትም አልሄድም።»

አፍንጫዋን ጠረገች። «ቁጥሩን አምጪ» አለች። ደወልኩላትና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በመሃላችን አስቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። በሰዓቱ ደረሰልኝ ብዬ ተነፈስኩ።

«ጉክ ሚራን ነኝ፣ የጨው መጋዘን» አለች፤ የተማሪ ወላጆች ፊት የምትናገርበት ያ ጨዋ ድምፅዋ ነው። «ስለ መጽሐፉ ነው። ቀኑ ልክ ነው፣ ጌታዬ። ሰኔ አሥር። ጠርዙን የከረከመችው ራሷ ዮንግሺል ናት።»

ይህን ስትል ዓይኖቼን እያየች ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ፈረሱ ዞሮ እያየኝ ይጥለኛል አላልኩም።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «አቶ ኡም፣ ውሸቷን ነው!»

«አብራችሁ ናችሁ እንዴ?» አለ ሰውየው፤ ድምፁ ተለውጧል። እኔ ሚራንን ላስዋሽ ተቀምጬ ያልሆነልኝ መስሎት ይሆናል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምገምተው። «አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ታክ» ብሎ ዘጋው።

ተነስቼ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ከሥሩ አንድ ካርቶን አለ፤ ሃያ ዘጠኙ ቅጂ በሥርዓት ተደርድሯል። አንዱን አንስቼ ቆሜ አነበብኩት። በአራት ዓመት ውስጥ ፊደል ሳንገድፍ ያተምነው አንድም ነገር የለም። ይኼኛው ላይ አንዲት ስህተት እንኳ አላገኘሁም፤ ቃል በቃል አርማዋለች። አንጀቴን የቆረጠው ይሄ ነው።

ሚራን ወደ ማጠፏ ተመልሳለች። «ቅጂዎቹን ነገ ለንባብ ዝግጅታችን እንወስዳቸዋለን» አለችኝ። «ታሪክሽ እኮ ያምራል። ሰው ይወደዋል።»

ቦርሳዬን አነሳሁ። «ነገ አልመጣም።»

«ከነገ ወዲያስ?» አለችኝ።