የራሄራ የጎድን አጥንት

«ወደ ግራ በል። አሁንም ዘሟል» አሉ የሟቿ አክስት ማካሬታ።

ታማቲ ወንበር ላይ ቆሞ ክፈፉን አቃናው። ከሥሩ፣ በተከፈተው ሣጥን ውስጥ፣ የአጎቱ ልጅ ራሄራ ተኝታለች። ከበላይዋ አያቶቿ፣ ወላጆቿና ባሕር ያስቀረው ወንድሟ በፎቶግራፍ ተደርድረዋል። በመካከላቸው የቀረውን ቦታ አሁን የአንድ ደረት ፎቶግራፍ ሞላው፤ ጥቁር ገላ፣ ነጭ የጎድን አጥንቶች፣ በግራ ሳንባው ላይ የተጠቀለለ የባሕር አረም።

«አጥንቷ እንኳ ያምራል» አሉ ማካሬታ።

ከሣጥኑ ራስጌ የተቀመጠችው የራሄራ እህት ሁሃና ቀና አላለችም።

ታማቲ ወርዶ፣ እንደ ወጉ ሟቿን ፊት ለፊት ወረፋት። «አንቺ፣ ራጅ ላንሳህ ብለሽ ጉበቴ ላይ የቢራ ክዳን ለጠፍሽብኝ። ሐኪሙ እንኳ እንዲህ አላዋረደኝም።»

ከሆኪያንጋ ወሽመጥ ማዶ የመጡት ለቀስተኞች ሳቁ። አንዲት ሴት ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

የራሄራ ራጆች የሐኪም ቤት አልነበሩም። በጀልባው መጋዘን ውስጥ የዘመዶቿን ገላ በከሰል ታጠቁራለች፤ አጥንታቸውን በነጭ አፈር፣ በጣቷ ትስላለች፤ ያመማቸው ስፍራ ላይ አንዳች ነገር አኑራ ፎቶ ታነሳለች። ብርሃኑ ደብዛዛ ስለሆነ ካሜራው ጊዜ ይፈልጋል። «አየር ሳቢ። ያዢ። ያዢ። በይ ተንፍሺ» ትላለች። እሷን ግን ያነሳት የለም፤ ካሜራ ሲዞርባት ፊቷን በክንዷ ትከልል ነበር።

እውነተኛው ራጅ ሳንባዋ ላይ ጥላ ባሳየ ጊዜ፣ የራሷን ደረት ልታነሳ ፈለገች። በሞከረች ቁጥር ሳሏ ምስሉን አደበዘዘው። በመጨረሻ የከሰሉን ሳህን ይዛ ወደ ሁሃና ዞረች።

«አንቺ ቁሚልኝ። ሳንባን ከሳንባ ማን ይለያል?»

«እኔ እለያለሁ።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

የሕያው ሰው ምስል ከሙታን ጋር አይሰቀልም፤ ሞትን በስም መጥራት ነው። ይህን በዚያ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ይህ ምስል ከወረደ ደግሞ፣ በግድግዳው ላይ የራሄራ የሚባል ምንም አይኖርም። ሁሃና የእህቷን ቀዝቃዛ እጅ ይዛ እስኪመሽ ዝም አለች። ለቀስተኞቹ ወደ እራት ሲያልፉ ግን ተነሣች።

«አክስቴ፣ ያ ደረት የእኔ ነው።»

ማካሬታ በራሳቸው ላይ ያሰሩትን የሐዘን ቅጠል እያስተካከሉ ክፈፉን አዩት።

«ይቺ ልጅ ሞታም ታሾፍብናለች» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። «ሌላ የላትም?»

«የላትም።»

«ሁለት እህትማማች በአንድ ሳምንት አልቀብርም። አውርጂው። በገዛ እጅሽ።»

ሁሃና አወረደችው። ከመስታወቱ ሥር፣ በየአጥንቱ ላይ፣ የራሄራ የጣት አሻራ ይታይ ነበር። ፊቱን ወደ መሬት አዙራ ጓዳ አስቀመጠችው። ግድግዳው ላይ ምስማሩ ቀረ።

በማግስቱ፣ ከጸሎቱ በኋላ፣ ታማቲ የሣጥኑን ክዳን አንሥቶ ገጠመ። ሁሃና ሳታስበው አየር ሳበች፤ ያዘች። ብሎኖቹ ጠበቁ። ወንዶቹ ሣጥኑን ተሸክመው ደጃፉን አለፉ። እሷ ከባዶው ምስማር ሥር ቀጥ ብላ ቆማ፣ ተንፍሺ እስክትባል ትጠብቅ ነበር።