ደጃፍ ላይ የተገኘ ጫማ

ሲክስተን ለመንዳት ብቻ የሚጫማው አንድ ጥንድ ጫማ አለው፤ ሶሉ ስስ፣ ተረከዙን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ። “እግሬ ፍሬኑ ካልተሰማው ምኑን ነዳሁት?” ይላል። የሴት ልጁ ባል ቶርቢየርን በዚህ ሲያሾፍበት ይውላል። ሽማግሌው ግን በመኪናው ነገር ቀልድ አያውቅም። ሚስቱ ጉንቮር አእምሮዋ እየከዳት መጦሪያ ከገባች ወዲህ በየቀኑ ምሳዋን የሚያጎርሳት እሱ ነው። ከሌላ ሰው እጅ አትበላም። ወደ መጦሪያው በሚወስደው የጫካ መንገድ ደግሞ አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም። መኪናው ከሌለ ጉንቮርም የለችም።

የልጅ ልጁ ልደት ዕለት፣ ሴት ልጁ ኢልቫ ቤት ደጃፍ ላይ የእንግዳው ጫማ ተከምሯል። ጫማ አድርጎ ሳሎን የሚገባ ጨዋ የለም፤ ለአፍታ ወደ ውጭ ብቅ የሚል ሰውም ደጃፍ ላይ ያገኘውን አጥልቆ ይወጣል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንዲት እንግዳ መሄድ ፈልጋ የሲክስተን መኪና መንገድ ዘጋባት። ሲክስተን መኪናውን ሊያነሳላት ጎንበስ ብሎ የመንጃ ጫማውን ከክምሩ ውስጥ ሲፈልግ ቶርቢየርን ከሳሎን ጮኸ።

“አባባ፣ ሰርግ ሊሄዱ ነው እንዴ? የኔን የእንጨት ጫማ ያጥልቁት፣ ሁለት ሜትር ለማትሞላ መንገድ!”

ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ።

“አባባ ደግሞ! ሰው እየጠበቀህ እኮ ነው፣ በናትህ!” አለች ኢልቫ።

አፈረና አጠለቀው። መሳቂያ ላለመሆን ሲባል የማይደረግ ነገር የለም።

ወደ ኋላ ሲነዳ፣ ኋላው ክፍት የሆነው ጫማ ከእግሩ ወልቆ ፍሬኑ ስር ተሸጎጠ። ቢረግጠው፣ ቢረግጠው እንቢ አለ። መኪናው አጥሩን ጥሶ የልጆቹን ዥዋዥዌ ደፈጠጠው። ደግነቱ ልጆቹ ኬክ ሊበሉ ገብተው ነበር።

ኢልቫ ሮጣ ወጥታ ቁልፉን ነጠቀችው። “አለቀ አባባ! ከእንግዲህ አትነዳም! አርጅተሃል!”

“ጫማው ነው፣ ልጄ። ባልሽን ጠይቂው፣ አጥልቅ ያለኝ እሱ ነው።”

ቶርቢየርን ጫማውን ከፍሬኑ ስር መዥርጦ አወጣው። “ሽማግሌ መቼ ጥፋቱን አምኖ ያውቃል?” አለና አጥልቆት ወደ ቤት ገባ። ሲክስተን በሕይወቱ ሰው እንደዚያ ጠልቶ አያውቅም።

መጦሪያው እኛ እናደርስሃለን ብለውት ነበር። መጀመሪያ ሥራ በዛ፣ ቀጥሎ ጉንፋን መጣ፣ ቀጥሎ የበጋ ዕረፍት። በመጨረሻ ኢልቫ ስታደርሰው አንዲት ነርስ ጉንቮርን ድንች ስታጎርሳት ደረሱ። ሲክስተን ማንኪያውን ተቀብሎ አቀረበላት። ጉንቮር ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን ወደ ነርሷ አዞረች።

“አየህ አይደል አባባ፣” አለች ኢልቫ ልታጽናናው ትከሻውን ይዛ፣ “ያለ አንተም መብላት ለምዳለች።”