የዘገየው ሰማይ

ኃይለመስቀል እልኸኛ ነው። ቦንጋ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ መሆን አለበት። በአንድ መስሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ሆኖ የተቀጠረ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ «በቃ ሞቷል» ብሎ የጣለውን ኮምፒውተር እያነሳ ነፍስ ሲዘራበት አጨበጨቡለት። ያኔ የጀመረው ኩራት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። እቤቱ ሳሎን ጥግ ላይ ያለውም ኮምፒውተር ከዚያው ከተጣለው ዕቃ የተለቃቀመ ነው። ፋኑ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። ታዲያ «አርጅቷል» ያለው ሰው ከኃይለመስቀል ጋር ለአንድ ሳምንት ይኮራረፋል።

ታናሽ ወንድሙ አብነት ደግሞ አውሮፕላን አብራሪ መሆን ይፈልጋል። የልጅ ቅዠት እንዳይመስላችሁ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ልጁን ያሳደገውም ያስተማረውም ኃይለመስቀል ነው፤ ልጁም አላሳፈረውም፤ በፊዚክስ በማዕረግ ተመርቆ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና አለፈ። የቀረው የእጅ ፈተና ነው፤ ስቲክ የሚሉትን የመሪ ዘንግ ይዞ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ መምራት መቻሉ የሚታይበት። ትምህርት ቤቱ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ አይቀበልም። አብነት ዘንድሮ ካለፈ አለፈ፤ ከወደቀ በቃ፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የለም።

«የእኔ ወንድም ከማን ያንሳል!» አለና ኃይለመስቀል ሞተር ሳይክሉን ሸጠ። ጓደኛው ኤርምያስ ከአዲስ አበባ ያገለገለ የቪአር መነጽርና ስቲክ ይዞለት መጣ። መነጽሩ ዓይን ላይ ተደርጎ ከኋላ ይታሰራል፤ አንገት ሲዞር ዓለሙ አብሮ ይዞራል። በረራ የሚያለማምደውን ፕሮግራም፣ ሲሙሌተሩን፣ ኃይለመስቀል ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ያንን ዳገት በእግሩ እየወጣ ወደ ሥራ ሲሄድ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ሲመለስ፣ አብነት ያያል።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። መነጽሩ ለሁለት ዓይን ሁለት ስዕል ይፈልጋል፤ ያውም በፍጥነት። አሮጌ ኮምፒውተር ይህን አይችልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጥላውን ማጥፋት፣ ደመናውን መቀነስ፣ ዛፉን ማሳሳት። ስዕሉ ያስጠላል፣ ግን ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ይህን ኃይለመስቀል አያውቅም ልበል? ሌላውን የሚያስተምር ሰው! አሳምሮ ያውቃል። ግን እንግዳ መጣ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሠፈሩ ተሰብስቦ ሳሎኑን ሞላው። ኃይለመስቀል አውሮፕላኑን በራሱ እንዲበር አድርጎ ከቦንጋ በላይ፣ ወደ ማንኪራ ጫካ አቅጣጫ ለቀቀው፤ ስዕሉንም እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። ጎረቤታቸው እትዬ ወለተሥላሴ መነጽሩን በሻሻቸው ላይ አሰሩ።

«ወይ ጉድ! ወይ የማርያም ልጅ!» አሉ። «ኃይሌ፣ ቤቴ የታል? የአቮካዶ ዛፌስ?»

«ወደ ቀኝ ይዙሩ እትዬ፣ ወደ ቀኝ!»

ዞሩ። ዓለሙ ግን ቆየት ብሎ ተከተላቸው። እትዬ ወለተሥላሴ ተንገዳግደው የቴሌቪዥኑን መደርደሪያ ጨበጡ። መነጽሩን ሲያወልቁ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ቢሆንም «እንዴት ያምራል! እጅህ ይባረክ» ብለው ተቀመጡ። ሰው ቤት ሄዶ የቀረበለትን የሚነቅፍ ማን አለ? ኃይለመስቀልም ፊታቸውን አላየም፤ የሰማው ምርቃቱን ነው።

አብነት ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ስዕሉን ትንሽ ብንቀንሰውስ? አንገቴን ሳዞር ዘግይቶ ነው የሚመጣው» አለው።

ዝቅ ያለ ድምፅ መሆኑ ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ሰማ። የኃይለመስቀል ጆሮ ቀላ።

«ምኑ ነው የሚዘገየው? ይኸው በስክሪኑ አየዋለሁ፣ ቁልጭ ብሎ ነው የሚሄደው! የማንኪራን ጫካ መላጣ አድርጌ ለሰው አላሳይም! ችግሩ ያንተ ዓይን ነው፤ ተለማመድ!»

እውነቱን ነው፤ በስክሪኑ ላይ ደህና ይመስል ነበር። መዘግየቱ የሚታወቀው መነጽሩን አድርጎ አንገቱን ላዞረ፣ ይበልጡን ደግሞ ስቲኩን ለጨበጠ ነው። ኃይለመስቀል ደግሞ እንደ ተሳፋሪ ፊት ለፊቱ ያለውን ጫካ ከማየት በቀር አንድ ቀን እንኳ ስቲኩን ይዞ በርሮ አያውቅም።

«እሺ ጋሼ» አለ አብነት።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ይለማመዳል። ሲጨርስ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል፣ እራቱን ይገፋል። የኃይለመስቀል ሚስት በዛወርቅ «ይሄን ልጅ እያዞረው ነው፣ ተው» ብትለው፣ «ጀማሪ ነው፣ ይለምደዋል» አላት። «እንዴት ነበር?» ሲለው አብነት «በጣም ጥሩ ነው ጋሼ» ይላል። ኃይለመስቀል የአገሩን ሰው ጠባይ አጥቶት አይደለም። «ጥሩ ነው» ማለት አንዳንዴ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን መስማት የሚፈልገው እሱኑ ነበር።

አብነትም ለመደው። ጥፋቱ መልመዱ ነው! ስዕሉ እንደሚዘገይ ስላወቀ፣ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ከማየቱ በፊት በእጁ ማቃናት ተማረ። እየቆየ ማዞሩ ተወው፤ ማሳረፉም እንደ ቅቤ ሆነ። ኃይለመስቀል በእንግዶች ፊት እያጨበጨበ «እዩት! እዩልኝ!» ይል ነበር። ቦንጋ ውስጥ ያልነገረው ሰው አልቀረም፤ ከዋጫ ከተማ ለስብሰባ ለመጡት ሁሉ ሳይቀር አወራላቸው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አብነት አዲስ አበባ ሄደ፣ ተመለሰ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ኃይለመስቀል ከሩቅ ፊቱን አይቶ ገባው።

«አልሆነም ጋሼ» አለው። «እግዜር አላለውም።»

«ምን ብለው ነው የጣሉህ? ዘመድ ቢኖርህ ኖሮ...! እነሱማ የክፍለ ሀገር ልጅ ያሳልፋሉ እንዴ?»

አብነት ሻንጣውን ይዞ መንገዱን ቀጠለ። ኃይለመስቀል ሳምንቱን ሙሉ ፈታኞቹን ሲረግም ከረመ። በመጨረሻ የሰለቻት በዛወርቅ ናት። ልብስ እያጠፈች ሳለ ድንገት ቀና አለችና፣

«ሰውዬውን ለምን ትረግማለህ? ፈታኙ ያለውን ልጁ ለኔ ነግሮኛል» አለችው። «‹እጅህ ለምን ይቀድማል? አውሮፕላኑ ሳያዘነብል ታቃናዋለህ፤ አንተው ራስህ ነህ የምታዘነብለው› አለው። ደጋግሞ ዕድል ሰጠው። እጁ እምቢ አለ። ሌላ ነገር የለም።»

ኃይለመስቀል ተነስቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ መነጽሩን አሰረ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቲኩን ጨበጠ። ወደ ግራ አለ። ምንም የለም። ጨመረበት። ዓለሙ ቆይቶ፣ አንዴ ተስፈንጥሮ መጣና ክንፉ ተገለበጠ። በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ጨበጠ። እንደገና ሞከረ፤ ጫካው ውስጥ ተከሰከሰ። ያ የሚኮራበት ቅጠል ሁሉ ፊቱ ላይ ተከምሮ፣ ቁልጭ ብሎ ያምራል። በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ እንጃ፣ አስቀድሞ በእጁ ማቃናት ጀመረ፤ አውሮፕላኑም ተረጋጋ። ያኔ መነጽሩን ከፊቱ ነጥቆ አወለቀውና «ወይ ነዶ!» አለ። «ወይኔ! እኔው ነኝ የጣልኩት! በገዛ እጄ!» በዛወርቅ ልብሱን ትታ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ጥላውን አጠፋ፣ ደመናውን አነሳ፣ ዛፉን አሳሳ። የማንኪራ ጫካ ምድር ላይ የተዘረጋ አረንጓዴ ሸራ ሆነ። ግን እጅ ሲንቀሳቀስ ክንፉ እኩል ይንቀሳቀሳል። ይህን ለማድረግ የሻይ መጠጫ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም፤ አንጀቱን ያቃጠለውም ይኸው ነው።

አብነት ጓዳ ውስጥ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ እየከተተ ነበር። ዋጫ ፊዚክስ ሊያስተምር ተቀጥሯል፤ በማግስቱ ይሄዳል።

«ና እስቲ፣ አንድ ጊዜ ሞክረው» አለው ኃይለመስቀል።

«ጋሼ፣ ሻንጣዬን...»

«ስለ እግዚአብሔር ብለህ።»

አብነት መጣና ተቀመጠ፤ መነጽሩን አሰረ። አውሮፕላኑ ተነሳ። ኃይለመስቀል ስክሪኑን ትቶ የወንድሙን እጅ ነበር የሚያየው። እጁ ቀደመ። ክንፉ ወደ ግራ ወደቀ፤ ሊያቃናው ሲል ወደ ቀኝ ወደቀ። እንደገና ቀደመ። አብነት ጥርሱን ነክሶ ታገለ፣ ላቡ መጣ፤ በመጨረሻ ስቲኩን ቀስ ብሎ ለቀቀና መነጽሩን አወለቀ።

«ጥሩ ሆኗል ጋሼ። በጣም ጥሩ ነው» አለ።

«ተው! በናትህ ይቺን ቃል ተዋት!» አለ ኃይለመስቀል። «እውነቱን ንገረኝ።»

አብነት ስቲኩን የያዘበትን መዳፍ ሱሪው ላይ ጠረገ። «ኮምፒውተሩ ልክ ነው። እጄ ነው። እጄ አሁን ትክክለኛውን አያምነውም።»

«ልማዱ ይለቅህ ይሆናል፤ ትንሽ ብትለማመድ...»

«ለምን ብዬ?»

ኃይለመስቀል ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፤ እንባው መጣ፣ አልደበቀውም። «ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አውቄዋለሁ። ግን ለምን አልነገርከኝም? ይህን ሁሉ ጊዜ እያዞረህ፣ እያሳመመህ!»

«ነግሬህ ነበር።»

«አንዴ! ያውም እንግዳ ፊት! ተናድጄ ነበር፣ ታውቀኛለህ። ብትደግምልኝ ምን ነበረበት? አንድ ጊዜ ብቻ ብትደግምልኝ!»

አብነት ወንድሙን ትክ ብሎ አየው። «‹ለታላቅ አንድ ነገር ሁለቴ አይነገርም› እያልክ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ ጋሼ» አለው።

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ ኃይለመስቀል መልስ አያጣም ነበር።